ደህናው እግሬ

እሁድ ጠዋት እዚሁ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። ሌላው ሰው የሚያወልቀው ጫማ ነው፤ እኔ የማወልቀው ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። የግራ ጫማዬ ሶል ከቀኙ ይወፍራል። እሱ ሲወልቅ ዳሌዬ ወደ ግራ ይወርዳል፣ ወገቤ ይጣመማል፣ ሰው ሁሉ እግሬን የሚያይ ይመስለኛል። ግድግዳውን ጠጋ ብዬ ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ። እነዚያ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ መላእክት ከመቶ በላይ ናቸው። ሁሉም ፊትና ክንፍ ብቻ። እግር የሚባል ነገር የላቸውም። «ተገላግላችኋል» አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ ይቅር በለኝ አልኩ።

ከገና ወዲህ ከራሴ ጋር ሙግት ይዣለሁ። ረጅሙን እግሬን ላሳጥረው ወይስ ልተወው?

ነገሩ የጀመረው 11 ዓመቴ ላይ ነው። ከጎረቤት ኮክ ልሰርቅ ዛፍ ላይ ወጥቼ ወደቅኩ። ግራ ጉልበቴ አበጠ። ወጌሻ መጥቶ አሸኝ፣ በሸምበቆ ጠፍሮ አሰረኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሮጥ ጀመርኩ፤ ቤተሰቡም ረሳው። ለካ የጭን አጥንት በብዛት የሚያድገው ከጉልበት ከፍ ብሎ ባለው ጫፉ ነው። ከርዝመቱ 70 በመቶ ያህሉ ከዚያ ይመጣል፤ በዓመት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። የእኔ እዚያው ቆመ። ሴት ልጅ ደግሞ እስከ 14 ዓመቷ አካባቢ ታድጋለች። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ሴንቲ። ያኔ ቢታወቅ ኖሮ በትንሽ ኦፕራሲዮን የደህናውን እግር ማደጊያ በጊዜው አስቁሞ ሁለቱን ማስተካከል ይቻል ነበር። አሁን 29 ዓመቴ ነው፣ ያ አልፏል። ወጌሻውን አልወቅስም። በእጁ ራጅ የለውም።

እስከ ዛሬ ያቆመኝ ፒያሳ ያሉ አንድ ጫማ ሰፊ ናቸው። የመኪና ጎማ በቢላ ይቆርጣሉ፣ ማስቲሽ ይቀባሉ፣ እስኪደርቅ «እፍ» ይሉበታል፣ ከዚያ በመዶሻ ዙሪያውን ይመቱታል። ተረከዙ ጋ ወፈር፣ ጣቶቹ ጋ ሳሳ ያደርጉታል፤ እንደዚያ ካልሆነ እንደማልራመድ ከእኔ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። «በአንድ እግሯ ብቻ ሂል የምታደርግ ሴት አንቺን ነው ያየሁት» ይሉኛል። የአንዱን ጫማ ሂሳብ ብቻ ነው የሚቀበሉኝ።

አሁን ግን ወገቤ አስቸገረኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ማታ ጋደም ስል ከወገቤ በታች አንድ ነገር ሲጎትተኝ ያድራል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ አጭሩን ማስረዘም። ኢሊዛሮቭ የሚባል የሶቪየት ሐኪም ሳይቤሪያ ውስጥ ኩርጋን በምትባል ከተማ ያዳበረው ዘዴ ነው። አጥንቱ ይቆረጣል፣ ከውጭ በብረት ቀለበት ይያዛል፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ይጎተታል። ለሦስት ሴንቲ ወር ይበቃል፤ ብረቱ ግን አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ወራት ይቆያል። ሌላው መንገድ ረጅሙን ማሳጠር ነው፣ በአንድ ኦፕራሲዮን። ዳሌ አካባቢ ትንሽ ይከፈትና መጋዙ በአጥንቱ መቅኒ ውስጥ ይገባል፤ የሚቆርጠው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የተቆረጠው ቁራጭ ተሰንጥቆ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይወጣም። እዚያው ጭን ውስጥ ይቀራል! ይህን ስሰማ ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ይገጠሙና ረጅም ብረት መሃላቸው ይገባል።

ለእማዬ ስነግራት ስኒውን ከአፏ መለሰችው።

«ደህናውን?»

«አዎ፣ እሱ ነው የረዘመው።»

«ጥርስሽን ሲያምሽ ደህናውን ትነቅያለሽ?»

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። የወደቀው ግራው፣ ቢላ የሚያርፍበት ቀኙ። 29 ዓመት ሙሉ ምንም ያላጠፋ እግር።

ሐኪም ፍለጋው ከዚህ በባሰ አደከመኝ። የመጀመሪያው ራጄን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «ቀላል ነው፣ መቼ ይመችሻል?» አለኝ። ጫማዬን እንኳን አውልቂ አላለኝም። ሁለተኛው ሐኪምም አይደለም፤ ውጭ አገር እንልክሻለን የሚል የቴሌግራም ደላላ ነው። በዶላር አወራኝ፣ ተውኩት።

ሦስተኛው እዚሁ ጎንደር ያለ ወጣት ዶክተር ነው። «የተሰበረ ጭን ላይ ብረት ማስገባት የዘወትር ሥራዬ ነው» አለኝ። «ደህና አጥንት ቆርጬ ግን አላውቅም። በአንቺ አልለማመድም።» በዚያች ዓረፍተ ነገር ወደድኩት። ወረቀት አውጥቶ ሌላውን ሐኪም የምጠይቀውን ጻፈልኝ። ይህን ለማሳጠር ብለህ ስንቴ ሠርተሃል? የተበላሸብህ አለ? ከተቆረጠ በኋላ እግሩ ወደ ውጭ እንዳይዞር በምን ትይዘዋለህ? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጎንደር ላይ ማን ያየኛል?

ወረቀቱን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ሐኪም ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ጫማሽን አውልቂ አሉኝ። ከጠረጴዛው ሥር ቀጫጭን ጣውላዎች አወጡና በግራ እግሬ ሥር አንድ በአንድ ደረደሩ። በሁለት እጃቸው ዳሌዬን ከኋላ ያዙ። ሦስተኛው ጣውላ ላይ «አሁን ቀጥ አልሽ» አሉ። ባዶ እግሬን ሆኜ ቀጥ ብዬ ስቆም ከልጅነቴ ወዲህ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አልቅሼ ነበር፣ ግን ለእሳቸው ጉንፋን ነው አልኳቸው።

ጥያቄዎቹን ሳነብላቸው አልተቆጡም። ቁጥሩ ከሃያ እንደማይበልጥ ነገሩኝ። አንዷ ላይ እግሩ ዞሮ ገጥሞ እንደገና እንደከፈቱት ራሳቸው አነሱት። እስክሪብቷቸውን መሃል ላይ ፈተው ክዳኑን ጠመም አደረጉ፤ «እንዲህ» አሉ። አሁን ከመቁረጣቸው በፊት ከላይና ከታች ምልክት የሚሆን ሽቦ እንደሚተክሉ አስረዱኝ። ስለ ጡንቻው ደግሞ «ምሰሶው ያጥራል፣ ገመዱ ግን አያጥርም» አሉ። ጡንቻው ስለሚላላ ጉልበት ለወራት ይደክማል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል። ክራንቹ፣ የደም መርጋቱ፣ አጥንቱ አልገጥም ቢልስ የሚለው፣ ሁሉንም ዘረዘሩት። ፊዚዮቴራፒውን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መከታተል እንደምችል ሲያውቁ ግን ደስ አላቸው።

«ታዲያ መቼ ይሠሩልኛል?» አልኳቸው።

«ቤት ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ነጠላ ጫማ። ወይ ባዶ እግሬን።»

«ቤትም ውጭም ሦስት ወር እኩል ሆነሽ ቁሚ። የወገብ ሕመምሽን በየማታው ጻፊ። እኩል ሆነሽም ወገብሽ ካልተሻለው መጋዙ የሚያመጣልሽ ነገር የለም።»

የካርድ ብቻ ከፍዬ ወጣሁ። የሚቆርጠኝ ካለ እሳቸው ናቸው። ለእማዬ ስነግራት ሐኪሙን መረቀቻቸው፤ ለምን እንደመረቀቻቸው ገብቶኛል።

ትናንት ነጠላ ጫማዬን በፌስታል ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። ጋሼ ገለባብጠው አዩትና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ነጠላ ጫማም ሂል ጀመረ?»

«ሐኪም አዞኝ ነው፣ ጋሼ። ሦስት ሴንቲ፣ ከዚያ እንዳይበልጥ።»

ጎማውን ለኩ፣ በጠመኔ አሰመሩ። ረቡዕ ውሰጂ አሉኝ።