ከወለሉ ሥር የሚመጣው ባስ

ድምፅ ማጉያዎቹን ጠግኜ ባስረከብኩ በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው ተመልሰው መጡ። ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህርት ናቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ድሮ ባሱ ከወለሉ ሥር ነበር የሚመጣው። አሁን ከሣጥኑ ነው» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም፣ «ቀጭኑም ድምፅ በግራ በኩል መጣ ሲሉት ይሄዳል» አሉ።

የመለስኩላቸው መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «እትዬ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ጆሮዎ ይለምደዋል።»

አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዜማ ሲያቃና የኖረ ጆሮ ነው ይለምደዋል የምለው! ዝም ብለው አዩኝና፣ «ጋሼ መቼ ነው የሚመለሱት?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ የጥገና ቤቱ ባለቤት ናቸው። ለሁለት ሳምንት ሲሄዱ ሥራውን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ እጄም ፈጣን ነው፤ ሲመለሱ የተጠናቀቀ ሥራ ተደርድሮ እንዲያዩ ጓጉቻለሁ። ዕቃዎቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የተሠሩ፣ ዙሪያቸው የተደፈነ፣ እንጨታቸው ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ጥንድ ሣጥኖች፤ እያንዳንዳቸው ባሱን የሚሰጥ ባለ 12 ኢንች ዉፈር፣ ለመካከለኛው ድምፅ አንድ ሚድሬንጅና ለቀጭኑ አንድ ትዊተር አላቸው። ከኋላ የመካከለኛውንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን የሚያስተካክሉ ሁለት ሁለት መዞሪያዎች አሉ።

የዉፈሮቹን የፎም (የስፖንጅ) ጠርዝ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ ኬክ ፈረሰ። ያ ፎም ዱሮም ዕድሜው አጭር ነው። የአየሩ እርጥበትና ኦክስጅን ስለሚበሉት፣ ሙዚቃ ቢያጫውቱበትም ቆሞ ቢቀመጥም አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ይበሰብሳል። የጎማና የጨርቅ ጠርዝ ከእሱ በብዙ ይሻላል። ፎሙ ፈረሰ ማለት ታዲያ ዉፈሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅሉ)፣ ኮኑ (የሚርገበገበው ሾጣጣ ክፍል) እና ማግኔቱ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም። ቴስተር ስደግንባቸው ሁለቱም 6 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ገደማ አነበቡ። 8 ኦም የተባለ ዉፈር በዲሲ (በቀጥታ ጅረት) ሲለካ ከዚያ ዝቅ ማለቱ ጤናው ነው። ኮይሎቹ ደህና መሆናቸውን በገዛ እጄ አረጋግጬ ነው እንግዲህ የጣልኳቸው። ፎም መለጠፍ ቀን ይፈጃላ! አዲስ መግጠም ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ስለዚህ 12 ኢንች፣ 8 ኦም የሚል አዲስ ጥንድ ገዛሁ። ማግኔቱ ትልቅ፣ ጠርዙ ጠንካራ የጨርቅ እጥፋት፣ ለመድረክ የተሠራ ነው። የብሎን ቀዳዳው እንኳ ልክክ አለ። ልክክ ማለቱ ነው ያሳሳተኝ።

የቀኙን አሮጌ ዉፈር ሳወጣ ደግሞ ሌላ ጥፋት ጨመርኩ። የመጨረሻውን ብሎን ስፈታ ማግኔቱ ካቻቢቴውን ከእጄ መንጭቆ ወደ ኮኑ ወሰደው። ቷ! የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ። «የሚጣል ነው» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማንም ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ብሎን ሲፈታ አንድ እጁን በካቻቢቴውና በኮኑ መካከል ያድርግ፤ እጅ ቢወጋ ይድናል።

የግራው ትዊተር ድምፅ አልነበረውም። ጆሮዬን አስጠግቼ ዝም ሲልብኝ ሞቷል አልኩ፣ አልለካሁትም። አዲስ ስገጥም እሱም ዝም አለ። የኋላውን መዞሪያ ወዲያ ወዲህ ሳሽከረክረው ድምፁ መጣ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ድምፁ በመምጣቱ ተደስቼ ሣጥኑን ዘጋሁ። ሲረከቡኝ እትዬ፣ «አሮጌዎቹንስ?» ብለው በካርቶን አስጭነው ወሰዷቸው። አላመኑኝም ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ሲመለሱ አንድ ዘፈን አስከፍተው ደቂቃ ያህል እንኳ አልሰሙም፤ «የድሮዎቹ የት አሉ?» አሉ።

«እትዬ ቤት።»

«ተመስገን በል።»

ካርቶኑ እስኪመጣ ድረስ አዲሱን ዉፈር ከሣጥኑ አስወጥተው አስለኩኝ። አለካኩ ቀላል ነው፤ ቶን ከሚያመነጨው መሣሪያ፣ ከሲግናል ጄኔሬተሩ፣ ወደ ዉፈሩ በ1000 ኦም ሬዚስተር በኩል ትልካለህ፣ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያልክ ትቀይራለህ፣ በዉፈሩ ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ አናት የሚነካበትን ቦታ ትይዛለህ። ኮኑ በራሱ መርገብገብ የሚወድበት ፍሪኩዌንሲ፣ ሬዞናንስ የሚባለው፣ እሱ ነው። አዲሱ በባዶ አየር 38 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 38 ጊዜ፣ አነበበ። መልሰን ሣጥኑ ውስጥ ስንገጥመው 75 ደረሰ።

ጋሼ ሣጥኑን መታ መታ እያደረጉ፣ «ይኼ ዕቃ ስፕሪንጉ የት ነው?» አሉኝ። ወደ ኮኑ ጠርዝ አሳየሁ። ሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የሚባል አሜሪካዊ ኤአር አንድ የሚባለውን ድምፅ ማጉያ ሲያወጣ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ኮኑን ልል አድርገህ አንጠልጥለው፣ ሣጥኑን ድፈነው፣ ውስጡ የታመቀው አየር ስፕሪንግ ይሁንልህ። አየር ከጎማና ከጨርቅ ይልቅ እኩል ይገፋል፣ ስለዚህ ትንሽ ሣጥን ጥልቅ ባስ ይሰጣል። የእትዬ ሣጥኖች የዚያ ዘር ናቸው። እኔ በአየሩ ስፕሪንግ ላይ ሌላ ጠንካራ ስፕሪንግ ደረብኩበት። የተደፈነ ሣጥን ደግሞ ከሬዞናንሱ በታች በየኦክታቩ (ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 12 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እየወረደ ይሄዳል፤ 75 ላይ ጉብ ይልና ከሥሩ ያለው ይጠፋል። ጉብታውን እኔ «ባሱ ጨመረ» አልኩት። እትዬ «ከሣጥኑ ነው የሚመጣው» አሉት።

«12 ኢንች ነው፣ 8 ኦም ነው ብዬ ነው እኮ...»

«ቁጥሩ 42 ስለሆነ የሯጭ ጫማና የግንበኛ ቦት አንድ ነው?»

በዚያ ላይ የመድረኩ ዉፈር በተመሳሳይ ዋት ከድሮው 6 ዲሲቤል ያህል ይበልጥ ይጮሃል። ያን ለማመጣጠን ለሚድሬንጁና ለትዊተሩ አራት እጥፍ ኃይል መስጠት ያስፈልግ ነበር። ድምፁን ለሦስቱ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር የተሰላው ለድሮው ስለሆነ የዘፋኙ ድምፅ ወደ ኋላ ማፈግፈጉ አይገርምም።

ካርቶኑ መጣ። ጋሼ ኮኑን በሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች እኩል ጫን ለቀቅ እያደረጉ ጆሮአቸውን ሰጡት፤ ኮይሉ አይፋተግም። ከዚያ ቀዳዳዋን አዩና ቀና ብለው አዩኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

ፎሙን ስንቀይር አብዛኛው ጊዜ የሄደው አሮጌውን ሙጫ በአልኮል እያለሰለሱ በመፋቅ ነው። አዲሱ ፎም እንደ ድሮው ልል መሆን አለበት፤ ወፍራሙን ከለጠፍክ እኔ ወደ ሠራሁት ስሕተት በሌላ በር ትገባለህ። ኮይሉን መሐል ለማስያዝ የመሐሉን ቆብ ቆርጠው በኮይሉና በብረቱ መካከል ስስ ፕላስቲክ የሚሰኩ አሉ። ጋሼ ቆቡን መንካት አይወዱም። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ነጩን ሙጫ ተጠቅመው፣ 30 ሄርዝ ዝቅ ባለ ድምፅ ለቀው፣ ኮኑ ያለ ምንም መፋተግ እስኪንቀሳቀስ ድረስ በጣታቸው ጠርዙን ትንሽ ትንሽ ያስጠጉታል። ይህን ሲያደርጉ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ቀዳዳዋን በሁለቱም በኩል በስስ ወረቀትና በዚያው ሙጫ እኔ ደፈንኳት።

በማግስቱ ስንለካ 24 ሄርዝ ሆነ። አዲስ ፎም መጀመሪያ ደረቅ ይላል። ሌሊቱን ዝቅ ባለ ቶን አሳድረነው 20 ላይ ወረደ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ 43። ሌላው ዉፈርም ከዚህ በአንድ ሄርዝ ብቻ ነው የራቀው። ሣጥኑ አየር እንዳያስወጣ ጠርዙን በማስቲሽ ደፍነን ኮኑን ገፋ አድርገን ስንለቀው፣ ዘሎ ሳይሆን ቀስ ብሎ ተመለሰ። እኔ የገጠምኩት ጊዜ ማስቲሽ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ትዊተሩ ቀረ። ጋሼ የድሮውን ራሴ እንድለካው ሰጡኝ። ሙሉ ነው፤ ኮይሉ አልተቃጠለም፣ በቀጥታ ሲግናል ስሰጠው ጥርት ብሎ ጮኸ። ሞተ ያልኩት ሰው ቁጭ ብሎ አነጋገረኝ። የበሽታው ቦታ የኋላው መዞሪያ ነበር፤ ስንከፍተው ውስጡ ያለው ሽቦ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ተንሸራታቹ አይነካውም። አራቱንም ቀየርናቸው። እግረ መንገዳችንን ካፓሲተሮቹን (ቻርጅ የሚይዙትን ክፍሎች) ስንለካ ሁለቱ ከተጻፈባቸው በብዙ ከፍ ብለው ስለነበር እነሱንም ለወጥን።

እትዬ ለመስማት ሲመጡ ቆመው ነበር፤ ባሱ ሲገባ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የቀኙን ኮን ጠጋ ብለው አዩና፣ «ይቺ ወረቀት ምንድን ናት?» አሉ። ካቻቢቴውን፣ ማግኔቱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ለዚህ ነው እንዴ ያን ቀን ዓይንህን የሰበርከው?» አሉኝ።

ሊሄዱ ሲነሡ ሳይጠይቁኝ ካርቶኑን አቀበልኳቸው። የዛጉት አራት መዞሪያዎች፣ ሁለቱ ካፓሲተሮች፣ አላስፈላጊ ሆኖ የወጣው አዲሱ ትዊተር፤ በእያንዳንዱ ላይ በፕላስተር የለካሁትን ቁጥር ጽፌ ለጥፌበታለሁ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። የመድረኮቹ ዉፈሮች ግን ከጠረጴዛዬ ሥር ናቸው። ዋጋቸውን ከፍዬ ወስጃቸዋለሁ፤ ልካቸው የሆነ ሣጥን አንድ ቀን እሠራላቸዋለሁ።