3.7 ነው፣ ሌላ ምን ፈለግህ?

በለስላሳ መጠጥ ማምረቻ ውስጥ የካርቦኔተር (መጠጡ ውስጥ ጋዝ የሚያስገባው ማሽን) ኦፕሬተር ሳለሁ የገጠመኝ አንድ ነገር ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል፤ የሚያንገበግበኝም የቀኑ ፈረቃ አለቃ ተሳስተው ሳይሆን ትክክል ስለነበሩ ነው።

የዚያን ዕለት ከቺለሩ (ከማቀዝቀዣው ማሽን) የሚመጣው ግላይኮል የተባለ አቀዝቃዥ ፈሳሽ ፍሰቱ ቀንሶ፣ በ4 ዲግሪ ወደ ካርቦኔተሩ መግባት የነበረበት መጠጥ በ12 ዲግሪ ይገባ ነበር። ፈሳሽ በሞቀ ቁጥር ጋዝ የመያዝ አቅሙ እንደሚያንስ የታወቀ ነው፤ ግፊቱ ከከባቢ አየር ጋር እኩል ሲሆን አንድ ሊትር ውኃ በ0 ዲግሪ 1.7 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያሟሟ፣ በ20 ዲግሪ የሚያሟሟው 0.9 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የእኛም ምርት ከ3.7 ቮልዩም (በአንድ ሊትር መጠጥ 3.7 ሊትር ጋዝ ማለት ነው) ወደ 2.8 ወረደ። አለቃው ቺለሩን የሚያይ ሰው ከመጥራት ይልቅ ግፊቱን ከ1.6 ወደ 2.5 ባር ከፍ አደረጉት።

ፈረቃ ስንረካከብ «ኢንጂነር፣ ሙቀቱ እኮ 12 ነው» አልኳቸው።

«ላቦራቶሪውን ጠይቅ» አሉኝ።

ጠየቅሁ። ባለሙያዋ ቆርኪውን በመሣሪያው በስታ፣ ጠርሙሱን አጥብቃ ነቅንቃ፣ ጌጁንና ቴርሞሜትሩን አንብባ ከሠንጠረዡ ጋር ስታስተያየው ቁጥሩ 3.7 ሆነ።

«3.7 ነው፣ ሌላ ምን ፈለግህ?» አሉኝ ካፖርታቸውን እየለበሱ። የምመልሰው አጣሁ፤ ግፊት በጨመረ መጠን የሚሟሟው ጋዝ እንደሚጨምር ዊልያም ሄንሪ በ1803 ያሳየው ሕግ ነውና፣ ሕጉም ቁጥሩም ከእሳቸው ጋር ነበሩ።

መልሱ የመጣልኝ ጠርሙስ የሚሞላው ማሽን፣ ፊለሩ፣ ዘንድ ቆሜ ሳይ ነው። በግፊት ተገዶ የገባ ጋዝ ግፊቱ ሲለቀቅ ለመውጣት ይጣደፋል፣ መጠጡ ሞቅ ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጣደፋል፤ ጠርሙሶቹ ከመሙያው አፍ ሲላቀቁ አረፋ እየተፉ፣ ቆርኪ እስኪደፋባቸው ድረስ ሁለት ጣት ያህል ይጎድሉ ነበር። ላቦራቶሪ የሚደርሰው ግን ሳይጎድል ያለፈው ጠርሙስ ነው። ይህን ለመናገር ስዞር እሳቸው በሩን አልፈው ሄደዋል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የጥገና ባልደረቦች በከፊል ተዘግቶ የቆየ የግላይኮል ቫልቭ አግኝተው ከፈቱት፤ ሙቀቱም ቀስ በቀስ ወደ 4 ዲግሪ ወረደ። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልሸሽግም። መዝገቡን ገልጬ «የችግሩ መንስኤ የሙቀት መጠን እንጂ የግፊት ማነስ አልነበረም» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ፣ በጉልህ ፊደል ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሰዓቱን አስፍሬ ፈረምኩ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነበር፤ ማሳመሩ ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

ግፊቱ ግን እዚያው 2.5 ባር ላይ ነበር። ለ12 ዲግሪ የተሰጠ ግፊት በ4 ዲግሪ መጠጥ ላይ ሲያርፍ ጋዙ ወደ 5 ቮልዩም ይጠጋል፤ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ንባቡን ስላላመነችው ሁለተኛ ጠርሙስ አስመጣች፣ በዚህ መሃል ፊለሩ ቀን ካየሁት የባሰ አረፋ ይረጭ ጀመር። ላይኑን አስቆምኩ። በማግስቱ በወጣው ሪፖርት ላይ የቀኑ ፈረቃ ችግር «በግፊት ማስተካከያ ተፈቷል» ሲባል፣ የማታው ፈረቃ ደግሞ «ሙቀት ሲወርድ ግፊት ባለመቀነሱ» ለባከነው ምርት ተጠያቂ ሆነ። ከሁለቱም ሐሰት የሆነ ቃል ላገኝ አልቻልኩም።

አለቃው መዝገቡን ተቀብለው በቀይ የጻፍኩትን እስከ ፊርማዬ ድረስ አነበቡት፤ ከዚያም ቀና ብለው «የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል» አሉኝ።