ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጀልባ

ዛሬ የነቃሁት ልቤን ከብዶኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ግን የረባ ምክንያት አላገኝለትም። ቬኒስ የመጣሁበት ጉዳይ ትናንት ተጠናቋል፣ ባቡሬ የሚነሣው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ደግሞ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጌ አብራኝ ትኖር ለነበረችው ለሐ. መልስ ልጽፍበት ወስኜ ነበር። የላከችልኝ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ እኔ ግን ያችን ሦስት መስመር ይዤ እነሆ ሦስተኛው ሳምንት ተጋመሰ።

ከአካዴሚያ ድልድይ ወርጄ፣ ዛተሬ ወደሚባለው ሰፊ የውኃ ዳር ለመውጣት በሳን ትሮቫዞ ቦይ ዳር ስጓዝ፣ አዲስ የተላገ እንጨት ሽታ ከቀለም ጋር ተቀላቅሎ መጣብኝ። ቀና ስል ከቦዩ ማዶ፣ የድንጋይና የጡብ ከተማ በሆነችው ቬኒስ መካከል፣ ከተራራ ላይ ተነሥቶ የመጣ የሚመስል የእንጨት ቤት ቆሟል። ለካ መምሰሉ በከንቱ አይደለም፤ ለጀልባ ሥራ የሚሆነው እንጨትም አናጺዎቹም በሰሜን ካሉት ተራሮች፣ ከካዶሬ አካባቢ ይመጡ ስለነበር፣ ቤቱንም የሠሩት እንደለመዱት ነው። እንዲህ ያለውን የጀልባ መሥሪያ የከተማው ሰው «ስኩዌሮ» ይለዋል፤ ይህኛው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። መንገደኛ እንደልቡ የሚገባበት ቦታ ስላልሆነ፣ እኔም እንደሌላው ሰው ከማዶ ሆኜ መመልከት ጀመርኩ።

በተዳፋቱ ላይ ጎንዶላ የሚባሉ ሁለት ረጃጅም የቬኒስ ጀልባዎች በጀርባቸው ተገልብጠዋል። አንድ ጎልማሳ ከአንደኛው ሆድ ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴ የባሕር አረም በሰፊ ብረት ይፍቃል፤ አንድ ጊዜ ይፍቅና በመዳፉ ይዳብሳል፣ እንደገና ይፍቃል፣ እንደገና ይዳብሳል፤ ከዓይኑ ይልቅ እጁን የሚያምን ይመስላል። እኔን የያዘኝ ግን የእርሱ ሥራ ሳይሆን፣ እዚያው ሥር በገመድ ታስሮ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ሦስተኛው ጎንዶላ ነው። ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ጭነት የለበትም፣ ነፋስ የለም፣ ግን አዘንብሏል። አጠገቤ ግንቡን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩና፣ «ይህኛው የተበላሸ ነው? ሊጠገን ነው የመጣው?» አልኳቸው። እርሳቸውም ከት ብለው ሳቁና፣ «ሰውየው የለበትማ!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያስረዱኝ፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጃቸው እያሳዩ ነው። ጎንዶላ 11 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ስምንት ዓይነት እንጨት ተመርጦለት ከ280 ክፍሎች ይገጣጠማል፤ የግራ ጎኑ ግን ከቀኙ በ24 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ቀዛፊው ከኋላ በግራ በኩል ቆሞ አንዱን መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ብቻ ስለሚስብ፣ ጀልባው ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ሆነው ቢሠሩ ኖሮ አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞርበት ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ተጣሞ ይሠራል፤ ሰውየው በቦታው ሲቆም በክብደቱ ይቃናል፣ ቀጥ ብሎም ይሄዳል።

ሳንቃው የሚታጠፈው በእሳትና በውኃ ነው አሉኝ፤ በአንድ በኩል እያረጠቡት በሌላው በኩል በሚነድ ሸምበቆ ያሞቁታል። እናቴ «የተጣመመ እንጨት እሳት ያቃናዋል» ትለኝ ነበር፤ ምክሩ ለማን እንደተነገረ እኔም እርሷም እናውቃለን። እዚህ ግን ደህናውን ቀጥ ያለ እንጨት በእሳት ሲያጣምሙት ኖረዋል።

ይህ ሁሉ ከጥንት የነበረ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። በቀድሞው ጊዜ አንድን ጎንዶላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ይቀዝፉት ስለነበር መጣመም አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1797 የቬኒስ ሪፐብሊክ ከወደቀ በኋላ የባለ ጸጎቹ ቤተሰቦች አቅም ደከመ፤ ለሁለት ቀዛፊ መክፈል ስለከበዳቸው ብዙው ጀልባ በአንድ ሰው እጅ ቀረ። አሁን የምናየው ጠማማ ቅርጽ መልኩን የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በዚህም ስሙ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1884 የራሱን ስኩዌሮ የከፈተው ዶሜኒኮ ትራሞንቲን ነው። አንደኛው ቀዛፊ ሲወርድ፣ የቀረው ሰው ብቻውን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ጀልባውን አጣመሙለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ አፈትልኮ የሄደው። ሐ. ከቤት ከወጣች ጀምሮ ማዕድ ላይ የምቀመጠው በቀኝ ጥግ ነው፤ የግራው ወንበር ባዶውን ይውላል፣ ማንም እንዳልቀመጥበት አልከለከለኝም። ቡና ሳፈላ አሁንም ለሁለት ሰው ነው የማፈላው፤ ትርፉን በነጋታው አሙቄ እጠጣዋለሁ፣ ባይጥመኝም። እስከ ዛሬ ይህን እንደ ጉድለት ነበር የምቆጥረው። ቦዩ ዳር ቆሜ ግን፣ ይህ የእኔ መጣመም ብቻዬን ቀጥ ብዬ ለመሄድ የተሠራልኝ ነው ወይስ ሰውየው የሌለበት ጀልባ ነኝ እያልኩ ስከራከር ቆየሁ። የጀልባው እንኳ 24 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተለክቷል፤ የእኔን ማን ለክቶት ያውቃል? ሽማግሌው መቼ ተሰናብተውኝ እንደሄዱ አላስተዋልኩም። ሰዓቴን ሳይ ደግሞ ለባቡሩ የቀረኝ 40 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ በድልድዮቹ ላይ ሻንጣ ተሸክሞ መሮጥን ለጠላቴም አልመኝም።

መልሱ እንዳልተጻፈ ትዝ ያለኝ ባቡሩ ውስጥ ላቤን ስጠርግ ነው። ልጽፍ ስልኬን ከፈትኩና በፊት ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ማየት ጀመርኩ። ጎንዶላው ወደ ቀኝ አዘንብሏል፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሳይ የእንጨቱ ቤትም አዘንብሏል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳም አዘንብሏል፣ የሽማግሌው ባርኔጣም እንዲሁ፤ የቦዩ ውኃ ራሱ ወደ ቀኝ ተዳፍቷል። ውኃ ደግሞ አያዘነብልም። ያን ያህል የተፈላሰፍኩበት ዝንባሌ ስንቱ የጀልባው፣ ስንቱ የእኔ እጅ እንደሆነ አሁን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

የምጽፈው ቃል ቢጠፋኝ ከፎቶዎቹ አንዱን ያለ ምንም ጽሑፍ ለሐ. ላክሁላት። ደቂቃ ሳይሞላ፣ «አሁንም ስልክህን አጣመህ ነው የምትይዘው?» የሚል መጣልኝ። ይህኛውንም እስካሁን አልመለስኩም።