ሐረጎን ከመውረዴ በፊት ማንም ያልነገረኝ

የምኖረው ደሴ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፤ የፊቶቹ የዲስክ ፍሬን ናቸው፣ የኋላዎቹ የታምቡር። ይህን የምጽፈው አምና እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ጭኜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስላጣሁ ነው። ጥፋቱ የመካኒክ አልነበረም። ፍሬኑን የሠራሁት እኔው ነኝ።

የፍሬን ሸራ መቀየር ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ሜዳ ቦታ ታቆማላችሁ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ትደግፋላችሁ። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ ታላላላችሁ፣ በክሪክ ታነሳላችሁ፣ ከሥር ጠንካራ መደገፊያ ታስገባላችሁ። የካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀውን አካል፣ ቡሎን ፈትታችሁ ካሊፐሩን በሽቦ ታስሩታላችሁ፤ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል። ፒስተኑን ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ትገፋላችሁ፣ አዲሱን ሸራ ታስገባላችሁ። ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ ወደ ላይ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳልና ሞልቶ እንዳይፈስ እዩት፤ የመኪና ቀለም ይልጣል። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። በቃ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ፒኑ ነው።

ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ፍሬን ስትይዙ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፣ ካሊፐሩ ደግሞ ተንሸራቶ የውጭውን ይስባል። ፒኑ ከተያዘ ግን እግራችሁን ብታነሱም ሸራው ዲስኩን በደንብ አይለቅም። እየታከከ ይሄዳል። እየታከከ ይግላል።

ፒኖቹን ሳወጣቸው ደርቀው ነበር። ጠረግኋቸው። ቤት የነበረኝ ለኩሽኔታ የምጠቀምበት ተራ ግሪስ ነው። እሱን ቀባሁ። ግሪስ ግሪስ ነው ብዬ። አይደለም! ከፒኖቹ አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ላስቲክ አለው፣ ሁለቱም የላስቲክ ሽፋን አላቸው። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ግሪስ ላስቲክ ያሳብጣል። ያበጠ ላስቲክ ደግሞ ፒኑን ጨምድዶ ይይዛል። ለዚህ ቦታ የሚሆነው ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግሪስ ነው። አንዲት ትንሽ ቲዩብ ናት። ያን ቀን ፒያሳ ድረስ ብወርድ አገኛት ነበር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ጥፋቴ የፍሬን ዘይቱ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ጠቆር ብሏል። ልኩ ግን ሙሉ ነው፤ ተውኩት። መቼ እንደተቀየረ እንኳ አላውቅም ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግራችሁ ፔዳሉን ይዞ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናዋ ግን ትሄዳለች።

ከዚያ ምርመራው መጣ። የዓመቱን ምርመራ ላሳልፍ መኪናዋን ወሰድኳት። መርማሪው ፍሬኗን ማሽኑ ላይ ለካው። አለፈች። ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ፍሬንህ አሪፍ ነው» አለኝ። አመንኩት። ጎማ አላወለቀም፣ ዘይቱንም አላየውም። ኋላ የሆነውን ሁሉ ልነግረው ሄጄ ነበር። «እኛ የምናየው በዕለቱ መያዙን ነው» ብሎ መለሰልኝ። ታዲያ ሐረጎ የሚወረደው በዕለቱ ነው? ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው፣ ቀዝቃዛ ፍሬን አንዴ መያዙ ምን ይነግረዋል? ይህ ነገር አሁንም ያናድደኛል።

ካለፈች በ11ኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ወረድን። ጉም ነበር። ከፊቴ ጭነት የያዘ መኪና ስለነበረ በአራተኛ ማርሽ ሆኜ ፍሬኑን እየነካሁ፣ እየነካሁ ተከተልኩት። መጀመሪያ ባለቤቴ «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለች። የጭነት መኪናው ነው አልኳት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ለሰለሰ። ሦስተኛው ላይ ወለል ነካ።

ያኔ ያዳነን ፔዳሉን ደጋግሜ መምታቴ አይደለም፤ እሱ ትንሽ ብቻ ነው የረዳው። ያዳነን ማርሹ ነው። ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ መለስኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተያዘች። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫንኩ ቀስ በቀስ ሳብኩት። እሱ በገመድ ነው የሚሠራው፣ ዘይቱ ቢፈላም ይይዛል። በአንድ ጊዜ ብስበው ኖሮ የኋላ ጎማው ተቆልፎ እንዞር ነበር። በተራራው በኩል ወዳለው ጠርዝ አስጠግቼ አንደኛ አስገባሁ። ቆመች። እናቴ ከኋላ «ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። መልስ መስጠት አልቻልኩም።

የቀኝ የፊት ጎማው ይጨሳል። ከልጆቹ የውሃ ጠርሙስ አንስቼ ላፈስበት ስል፣ ከኋላችን የቆመ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሮጦ መጥቶ ጠርሙሱን ቀማኝ። «ዲስኩን ልትሰነጥቀው ነው ወንድሜ! በራሱ ይብረድ። አብሽር፣ ቆማለች እኮ» አለኝ። ልክ ነበር። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ዲስኩ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ጎማውን በድንጋይ አስደግፎልን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፔዳሉን ብረግጠው ጠንክሯል! ምንም እንዳልተፈጠረ። እንፋሎቱ ሲበርድ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «ተስተካከለ» ብሎ ጉዞውን የሚቀጥለው። እኔ ቤተሰቡን በሚኒባስ ሰድጄ ከኮምቦልቻ መካኒክ አስመጣሁ። ሽማግሌ ናቸው። ጎማውን አውልቀው የውስጡን ሸራ አሳዩኝ፤ ብረቱ ብቻ ነው የቀረው። የውጭው ግን ገና ነው። ፒኑን በመዶሻ ነው ያወጡት። ላስቲኩ አብጦ ነበር።

«ይሄን ግሪስ ማነው የቀባው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሰው የጫነች 1,300 ኪሎ መኪና 600 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የሚወጣው ጉልበት ሰባት ሚሊዮን ተኩል ጁል ይጠጋል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ማርሽ ካልያዘላችሁ አብዛኛውን ይህን ሙቀት የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ዲስኮች ናቸው። ይህን ስሌት አሁን ለተማሪዎቼ እሰጣለሁ።

አሁን ሥራዬን ቀይሬያለሁ። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለውጥ ይባላል። ለደሴ ሰው ይህ አይበቃም ባይ ነኝ። ጉሙን የምናውቀው እኛ ነን፤ እኔ በየዓመቱ ከክረምት በፊት እቀይራለሁ፣ በዶት 4። ከፍቼ ያሳደርኩትን ጠርሙስ አልጠቀምም። አየር ስናስወጣ ልጄ ይረግጣል፣ እኔ ከሥር የአየር ማስወጫውን ቡሎን እከፍታለሁ፤ እሱ እግሩን ከማንሳቱ በፊት እዘጋለሁ። ሸራው እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ቢደርስ ችግር የለም የሚሉ አሉ። እኔ አራት ላይ እጥለዋለሁ። ሁልጊዜም የማየው የውስጡን ነው፤ በጎማው ቀዳዳ አጮልቆ የሚታየው የውጭው ብቻ ነውና። ስወርድም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው በፍሪ፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚወርዱትን ሳይ ሆዴ ይረበሻል። ሞተር ሲጠፋ ለፍሬኑ የሚያግዘው ኃይልም ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል።

ፒኖቹ አሁን በጣት ሲገፏቸው ይሄዳሉ። እናቴ ግን እስከዛሬ ሐረጎ ጫፍ ስንደርስ የበሩን እጀታ ትይዛለች። ኮምቦልቻ እስክንገባ አትለቀውም። እኔም ልቀቂው አልላትም።