ራዲያተሩ ካልሞቀ ቦይለር ከመቀየራችሁ በፊት በእጃችሁ ዳስሱት

ለንደን አሮጌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ይሄን ነገር በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ለየክፍሉ ራዲያተር ውሃ በጋዝ የሚያሞቀው ቦይለር ይሠራል፣ ጋዙ ይቆጥራል፣ ቤቱ ግን አይሞቅም። የኛ ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው፣ ሂቲንጉ (የቤት ማሞቂያው) በኋላ የገባ ቢሆንም እሱም አርጅቷል፣ ጣሪያ ስር ትንሽ የውሃ ታንከር ያለው የድሮው ዓይነት ሲስተም ነው። ባለፈው ዊንተር እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እንግዳ ክፍል ውስጥ ጋቢ ደራርባ ስትተኛ ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። የጠራነው ባለሙያ መጣና አንዱንም ራዲያተር ሳይነካ ቦይለሩ አርጅቷል ይቀየር ብሎ በሺዎች ፓውንድ የሚቆጠር ዋጋ ጠራልን። እኔ ግን አልተዋጠልኝም፣ ምክንያቱም ሳሎን ያለው ራዲያተር ከላይ እጅ ያቃጥላል፣ ቦይለሩ አልቆለታል ከተባለ እሱ በምን ሞቀ?

የቧንቧ ሥራ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ ስደውልለት «ስማ፣ መፍቻ እንዳታነሳ፣ መጀመሪያ ሂቲንጉ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ አብራውና እየዞርክ በእጅህ ዳስስ፣ የቱ ጋ እንደሚቀዘቅዝ ጻፈው» አለኝ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው። የሚቀዘቅዝበት ቦታ ራሱ ችግሩን ይናገራል። ከታች ሞቆ ከላይ ከቀዘቀዘ አየር ነው፣ ከላይ ሞቆ ከታች መሃሉ ላይ ከቀዘቀዘ ዝቃጭ ነው፣ አንዱ ብቻ ድርቅ ብሎ ከቀዘቀዘ ቫልቩን (የውሃውን መክፈቻና መዝጊያ) ጠርጥሩ፣ ለቦይለሩ ቅርብ ያሉት እየፋጁ የሩቆቹ ለብ ብቻ ካሉ ውሃው በደንብ እየተከፋፈለ አይደለም ማለት ነው። የኛ ቤት ጉድ አራቱም ነበሩበት።

ከአየሩ ጀመርኩ። ሂቲንጉን አጥፍቼ ውሃው እስኪበርድ ጠበቅኩና (ፓምፑ እየሠራ ከከፈታችሁት አየር ሊስብ ይችላል) ፎቅ ያለውን ራዲያተር በትንሿ ቁልፍ ከጎኑ ከፈትኩት፣ አየር ፉጨት እያሰማ መውጣት አለበት፣ ከዛ ውሃ ሲመጣ ትዘጋላችሁ። የኛ ግን አየርም ውሃም አልወጣም። ጣሪያ ስር ወጥቼ ታንከሩን ሳይ ባዶ ነው! ውሃ ሲቀንስ ወርዶ መስመሩን መክፈት ያለበት ተንሳፋፊ ኳስ ደርቆ እላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በእጄ ወዝወዝ ሳደርገው ውሃው መጣ፣ ታንከሩ ትንሽ ሲሞላ ወርጄ ስከፍተው ያ ሁሉ አየር ወጣ። እንደዚህ ዓይነት ሲስተም ያላችሁ ሰዎች ታንከሩን አትርሱት። ታንከር የሌለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የምታዩት የፕሬዠር ጌጁን (የውሃ ግፊት መለኪያውን) ነው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ከ1 እስከ 1.5 ባር አካባቢ ይሆናል፣ አየር ካስወጣችሁ በኋላ ስለሚወርድ መልሳችሁ መሙላት አለባችሁ።

የእማዬ ክፍል ቫልቩ ነበር። ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ቧንቧ ትኩስ ነው፣ ራዲያተሩ በረዶ። ቁጥር የተጻፈበትን የቫልቭ ራስ በእጅ ፈትታችሁ ስታነሱት መሃል ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ ታያላችሁ፣ ጫን ስትሉት ገብቶ ስትለቁት ተመልሶ መውጣት አለበት። የኛው ገብቶ ቀርቷል። በጋውን ሙሉ ተዘግቶ ስለከረመ ነው፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነገር ነው። ዘይት ነፋ አድርጌበት በመፍቻ ጀርባ ቀስ እያልኩ ጫን ለቀቅ ሳደርገው ተላቀቀ፣ ትንሽ ቆይቶ ራዲያተሩ መሞቅ ጀመረ፣ እማዬም «ተባረክ ልጄ» አለችኝ። በፒንሳ ግን እንዳትጎትቱት አደራ፣ ተነቅሎ ከወጣ ውሃው ይከተላል።

ዋናው ሥራ የሳሎኑ ዝቃጭ ነው። ሁለቱንም ቫልቮች ዘጋሁ፣ በመውጫው በኩል ያለውን ስዘጋ ስንት ዙር እንደዞረ ጻፍኩ ምክንያቱም ሲመለስ እዛው ልክ ላይ መሆን አለበት፣ ምንጣፉን በላስቲክና በአሮጌ ፎጣ ሸፈንኩ፣ ሥሩ ትሪ አድርጌ ማሰሪያውን ሳላላ የወጣው ውሃ ቀለም የተበጠበጠበት ነው የሚመስለው። ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም። ከወንድሜ ጋር ተሸክመን ጓሮ አወጣነውና በጎማ ውሃ ስንለቅበት መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ እየተቆራረጠ ወጣ፣ ማግኔት አስጠጋሁበት፣ ለጠፍ አለ። የራዲያተሩ ብረት ራሱ ከውስጥ ተበልቶ ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ክብደት ስላለው ታች መሃል ላይ ይከማችና ውሃው በላይ በላይ ብቻ ያልፋል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ አጠብነው። እዚህ ላይ ማቆም ግን የለባችሁም፣ ዝገት የሚከላከል ኬሚካል ውሃው ውስጥ ካልገባ ጭቃው ተመልሶ ይመጣል፣ እኛ ጣሪያ ስር ባለው ታንከር በኩል ጨመርነው፣ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ አለ። አየር ቶሎ ቶሎ የምታስወጡ ከሆነም ልብ በሉ፣ ብረቱ ሲበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚፈጠር ሁልጊዜ አየር ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ማመጣጠኑ ነው፣ ሰው የሚዘለው ግን ለውጡ በጣም የሚታይ ሥራ። ውሃ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው፣ ቅርብ ያሉት ራዲያተሮች ጠጥተው ይጨርሱታል። ስለዚህ ሁሉንም ከፍታችሁ ከቦይለሩ ቅርብ ካለው እየጀመራችሁ የመውጫውን ቫልቭ ጠበብ ታደርጋላችሁ፣ በኛ ዓይነት አሮጌ ሲስተም በመግቢያውና በመውጫው ቧንቧ መካከል 11 ወይም 12 ዲግሪ ሴንትግሬድ አካባቢ ልዩነት እንዲኖር። ትዕግስት ይፈልጋል፣ ትንሽ አዙሮ፣ ውሃው እስኪረጋ ጠብቆ፣ እንደገና መለካት ነው፣ የኋላው ክፍል በዚህ ብቻ ሞቀ።

ቦይለሩ ራሱ ሌላ ነገር ነው። ሽፋኑን ከፍቶ የጋዝ ክፍሉን መንካት እዚህ አገር ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ ላይ የተመዘገበ ባለሙያ ሥራ ነው፣ በዩቲዩብ አይተው የሚሞክሩ ሰዎች ስላሉ ነው የምለው፣ ጋዙ በደንብ ካልነደደ የሚወጣው ገዳዩ ከርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እሱን የሚያስጠነቅቀውን አላርም ግዙ። ከራዲያተሩ ጋር ግን አትፍሩ። በጋ ሲመጣ የራዲያተሮቹን ቫልቭ መጨረሻ ቁጥር ላይ ከፍታችሁ ተዉት፣ ዘንጉ እንዳይጣበቅ፣ ሂቲንጉን ደግሞ ከዋናው ማጥፊያ አጥፉት።