ረሃቤን በደብተር የመዘገብኩባቸው 18 ወራት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል። የማድ ቤቱን መብራት ሳላበራ፣ ቆሜ፣ ቀዝቃዛ እንጀራ እየቆረስኩ ከድስቱ ግርጌ የቀረውን ሽሮ እጠርግ ነበር። ያን ቀን ከሎሚ ውኃና ከአንድ ሳህን ሰላጣ በቀር የቀመስኩት አልነበረም። እየበላሁ እንባዬ ይወርዳል፤ እጄ ግን አልቆም አለ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለብዙ ወራት ራሴን የምጠራው "ሆዳም" በሚለው ቃል ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው። 84 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ63። የእህቴ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ስለነበር ቶሎ መክሳት ፈለግሁ። አንድ የስፖርት ቤት አሠልጣኝ ፕሮግራም ጻፈልኝ፦ ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውኃ፣ ምሳ ሰላጣ፣ ማታ ምንም። በሁለት ወር ውስጥ ወደ 74 ኪሎ ተኩል ወረድኩ። በሠርጉ ዕለት ያየኝ ሁሉ አደነቀኝ። ሠርጉ አልፎ ወደ መደበኛው ገበታ ስመለስ ግን ከዚያ በፊት የማላውቀው ረሃብ ያዘኝ። ምሳ በልቼ ከገበታው ሳልነሳ ስለ እራት አስባለሁ። ቢሮ ሒሳብ እየሠራሁ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። በመስከረም 2014 ሚዛን ላይ ስወጣ 87 ኪሎ ሆኜ ነበር፤ ከጀመርኩበት በ3 ኪሎ በልጦ።

በጥቅምት ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄጄ ምግብ ሳልቀምስ የተለካው የደም ስኳሬ 112 ሆኖ ተገኘ። ስኳር በሽታ አይደለም፤ ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ላይ ነበርኩ። ያየችኝ ሐኪም በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። ታሪኬን ሳታቋርጠኝ አዳመጠችና "ሰውነትሽ እኮ ሠርግ እንዳለብሽ አያውቅም፤ ድርቅ የገባ መስሎት ነው ያጠራቀመው" አለችኝ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ስባ ሁለት ቃል ጻፈችልኝ፦ ግሬሊን እና ሌፕቲን። ቤት ስገባ ማንበብ ጀመርኩ፤ ለሳምንታትም አላቆምኩም።

ግሬሊን በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ያገኙት ማሳያሱ ኮጂማ እና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1999 ነበር። የመብያ ሰዓት ሲቃረብ መጠኑ ከፍ ይላል፣ በደም ተጉዞ አንጎልን ያስርባል፤ ስንበላ ደግሞ ይወርዳል። ሌፕቲን ከስብ የሚወጣ ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ያገኘው ሲሆን፣ ስሙ የመጣው ቀጭን ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ሌፕቲንን እኔ የተረዳሁት እንደ ጎተራ ጠባቂ ነው። ጎተራው ውስጥ ስንት እህል እንዳለ ዕለት በዕለት ለአንጎል ይነግራል። ሰው በድንገት ምግብ ሲቀንስ ሌፕቲኑ ከስቡ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ጎተራው ገና ግማሽ ሳለ "እህሉ ሊያልቅ ነው" የሚል ወሬ ይደርሳል። አንጎልም በዚያ ወሬ ተደናግጦ ረሃብን ያባብሳል፣ የሚቃጠለውን ጉልበት ይቀንሳል። ታዲያ ሌፕቲን በመርፌ ቢሰጥስ? ተሞክሯል፤ ሌፕቲን ጨርሶ ለሌላቸው ጥቂት ሰዎች መድኃኒት ሆኖላቸዋል። አብዛኛው ወፍራም ሰው ግን ድሮውንም በደሙ ብዙ ሌፕቲን ስላለው፣ የጎደለው አንጎሉ መልእክቱን መስማቱ ስለሆነ፣ ብዙም አልረዳውም።

ልቤን የነካው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የሜልቦርን ጥናት ነው። 50 ወፍራም ሰዎች ለ10 ሳምንት እጅግ ትንሽ ምግብ እየበሉ ከሱ። ከዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር ግሬሊናቸው ገና ከፍ ብሎ፣ ሌፕቲናቸው ገና ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ረሃባቸውም አልበረደም ነበር። ይህን ያነበብኩት ቢሮ ነው፤ ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሆዳም አልነበርኩም። ያ የሌሊት ረሃብ በደሜ ውስጥ የሚለካ ነገር ነበር።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት ምግብ በመቀነስ አይደለም። የትንሿን ልጄን ባለ 32 ገጽ ደብተር ወሰድኩና ሦስት ሳምንት ሙሉ ረሃቤን ብቻ መዘገብኩ። በስንት ሰዓት ራበኝ፣ ከ10 ስንት ያህል ነው፣ በፊት የበላሁት ምንድን ነው፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ። ያገኘሁት ነገር አስደነቀኝ። ረሃቤ እንደ ሠራተኛ ሰርቪስ ሰዓት ነበረው፦ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ሥራ በዝቶብኝ ሳልበላ ባለፈኝ ቀን ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከዐርባ ደቂቃ በኋላ እየበረደ ይሄድ ነበር። ይህም ምክንያት አለው፤ ጾመው በዋሉ ሰዎች ላይ ሲለካ ግሬሊን በለመዱት የምግብ ሰዓት ከፍ ይልና ባይበሉም ተመልሶ ይወርዳል። እኔ ከዚያ በፊት ረሃብ ካልበላሁለት እየጨመረ ሄዶ የሚጥለኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ የቁርስ ዓምድ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በዳቦ በበላሁ ቀን 4 ሰዓት ላይ 8 ወይም 9 ጽፌአለሁ። ከቤት የተረፈ ምስር ወጥ በግማሽ እንጀራ፣ ወይም ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከቂንጬ ጋር በበላሁ ቀን በዚያው ሰዓት ያለው ቁጥር 3፣ 4 ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ሰዓት፤ የተለየው ቁርሱ ብቻ። ፕሮቲን ከአንጀት የጥጋብ ሆርሞኖችን፣ ከእነርሱም ጂኤልፒ-1 የሚባለውን በደንብ ያስወጣል። የምስር፣ የባቄላና የሽምብራ አሰርም ምግቡ ሆድ ውስጥ እንዲቆይ ያደርገዋል። ስለዚህ በሥራ ቀን ቁርሴን ቀየርኩ። በጾም ቀን ፉል፣ የክክ አልጫ ወይም ሽሮ፤ በፍስክ እንቁላል ወይም አይብ። እንጀራ አልተውኩም፤ ማንም ተዪ ቢለኝ ዛሬም አልሰማውም። ያሳነስኩት እንጀራውን፣ ያበዛሁት ወጡንና ጎመኑን ነው።

ድንችንም መለስኩ። ያ አሠልጣኝ ድንች ያወፍራል ብሎ ከልክሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ምግቦችን በእኩል ካሎሪ እያቀረቡ የቱ ይበልጥ እንደሚያጠግብ ለክተዋል። አንደኛ የወጣው የድንች ቅቅል ነው፤ ከነጭ ዳቦ ሦስት እጥፍ በላይ። ጥፋቱ ያለው ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ነው።

የዘይትን ነገር ደግሞ ገና ቁሌቱን ስጥል ያዝኩት። አንድ እሑድ እንደ ወትሮዬ ከጀሪካኑ በዓይኔ ገምቼ ከመጨመር ይልቅ መጀመሪያ ብርጭቆ ላይ ቀዳሁና በሾርባ ማንኪያ እየለካሁ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩት። ለአራት ሰው ሽሮ 9 ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽንኩርቱን በውኃ አብስዬ ዘይቱን 3 ማንኪያ ሳደርገው ለእያንዳንዳችን 180 ካሎሪ ቀነሰልን፤ ባለቤቴም ልጆቹም ልዩነቱን አላወቁትም። ስብ ካሎሪው ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ግሬሊንን የማውረድ ጉልበቱ ከፕሮቲን ያነሰ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ዘይት ስቀንስ ረሃቤ አልጨመረም። ስኳርም እንዲሁ ነው፦ በቀን አራት ስኒ ሻይና ቡና፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ በድምሩ ወደ 190 ካሎሪ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ቡናዬን አሁን ያለ ስኳር እጠጣለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈራሁ። ቀደም ባሉት ዓመታት በ55ቱ ቀን ከመክሳት ይልቅ እወፍር ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ደብተሩን ከጀመርኩ በኋላ ነው። 9 ሰዓት ላይ ጾሜን የምፈታው ከቢሮ በር ላይ በሚሸጥ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ነበር፤ እራት ደግሞ ለብቻው ይመጣል። በ2014ቱ ጾም ከቤት በቋጠርኩት ምስርና ጎመን ፈታሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ የለመድኩት የቁርስ ሰዓት፣ ጨጓራዬ ይጮሃል። በሁለተኛው ሳምንት ጩኸቱ ዝም አለ፤ ረሃቡ እየተገፋ ሄዶ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈረ። አያቶቻችን ሁለተኛው ሳምንት ይቀላል የሚሉት ለካ በሰውነት ውስጥ መሠረት አለው፤ ረሃብ የሚመጣበትን ሰዓት ይማራል። ጾም ግን ለእኔ ጸሎት ነው፤ መክሻ ዘዴ ላደርገው አልሻም። የተማርኩት ሰዓቴን ማጽናትን ነው፤ ከጾሙ ውጪም በሳምንቱ ቀናት ሁሉ በአንድ ሰዓት እበላለሁ።

እንቅልፍን ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር፤ ስህተቴ ነው፣ መጀመሪያ መሆን ነበረበት። በቀን አምስት ሰዓት ነበር የምተኛው። ቺካጎ ውስጥ በ12 ወጣት ወንዶች ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ፣ ዐሥር ሰዓት ከተፈቀደላቸው ጊዜ ይልቅ ግሬሊናቸው 28 በመቶ ጨምሮ ሌፕቲናቸው 18 በመቶ ወርዷል። በጣም ያማራቸውም ጣፋጭና ጨው የበዛበት ነገር ነበር። የእኔ ደብተርም ይህንኑ ይላል። 9 እና 10 የጻፍኩባቸው ቀናት ሁሉ ማለት ይቻላል ስልክ ይዤ ያመሸሁባቸው ሌሊቶች ማግስት ናቸው። ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ትቼ በ4 ሰዓት መተኛት ጀመርኩ።

ከምግቡ ይበልጥ የከበደኝ ሰው ነው። 80 ኪሎ እንደደረስኩ እማዬ ከደሴ መጣች። በር ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ "ምነው ልጄ፣ ምን አገኘብሽ?" አለች። ክሳት በእርሷ ዘመን የበሽታ ወይም የችግር ምልክት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፍቅሯ መለኪያ የእኔ ሳህን ነበር። የደም ስኳሬን ወረቀት አሳየኋት፤ ታላቅ ወንድሟ በስኳር እግሩን ስላጣ ወዲያው ገባት። ጉርሻውን ግን አልተወችም። "በሞቴ! ይህችን ብቻ" ስትል እንዴት እምቢ ይባላል? እርሷ በነበረችባቸው ሳምንታት ስጀምር ትንሽ አድርጌ አቀርብ ነበር፤ ለጉርሻዋ ቦታ እንዲኖረው። እናትን ማሳዘን የሚጠይቅ የክሳት ዘዴ እኔ አልፈልግም።

በ18 ወር ውስጥ 87 ኪሎው 74 ሆነ። በወር አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነው፤ ሁለት ወር ቁጭ ብሎ ያልተነቃነቀበትም ጊዜ ነበር። የደም ስኳሬ 94 ላይ ወረደ። ዝግታው ረድቶኛል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ረሃቤ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ዛሬም የሚርበኝ መክሳት ሳልጀምር ከሚርበኝ ይልቃል። ይህን የምጽፈው የከሱ ሰዎች ይህን ሲደብቁ ብዙ ስላየሁ ነው። ከውጭ የሚመጡትን ሳምንታዊ መርፌዎች፣ ሴማግሉታይድን የመሳሰሉትን፣ አልወሰድኩም። የጂኤልፒ-1ን ሥራ የሚመስሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ እርዳታ ስለሆኑ የሚወስድን ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን በሻንጣ አስመጥቶ ያለ ሐኪም መወጋት ያስፈራኛል፤ መርፌውን ያቆሙ ሰዎችም በዓመት ውስጥ ከከሱት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰው እንደጨመሩ ጥናት አሳይቷል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ደግሞ የእኔን የቁርስና የሰዓት ነገር ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትከተሉ።

ባለፈው ወር ሚዛኑ 76 ተኩል አለኝ። ድሮ ቢሆን በማግስቱ ሎሚና ሰላጣ እጀምር ነበር። ደብተሩን አውጥቼ አራት ቀን መዘገብኩ፤ ምግቡ ያው ነው፣ የእንቅልፉ ዓምድ ግን አምስት፣ አምስት፣ አራት ተኩል፣ አምስት ይላል። ትልቋ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስላለባት አብሬያት አመሽ ነበር። አሁን እራታችንን አብረን ከበላን በኋላ በፔርሙስ ሻይ አፍልቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጥላትና ግንባሯን ስሜ በ4 ሰዓት እተኛለሁ።