ሕጉ ከመውጣቱ በፊት

ዛሬ በእንግሊዝ የሚገኘውን የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የአልኮል ፖሊሲ ሞዴል ሳነብ ዋልኩ። በጣም ስለወደድኩት ላካፍላችሁ።

ነገሩ ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ ሕዝብ ነው በሉት። እያንዳንዱ ሰው ዕድሜ፣ ጾታና ገቢ አለው። ምን ያህል እንደሚጠጣና በስንት እንደሚገዛ ከእውነተኛ የዳሰሳ ጥናት ተወስዷል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ ርካሹ መጠጥ ቢወደድስ? ማን ይቀንሳል? ስንት ሰው ከሞት ይተርፋል? ሞዴሉ ያሳየው፣ ለውጡ ልከኛ ጠጪውን ብዙም እንደማይነካው ነው። የሚነካው ርካሹን አብዝቶ የሚጠጣውን ነው፤ ጉበቱ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ስኮትላንድ ይህን ይዛ በ2012 እ.ኤ.አ. ለአልኮል ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ የሚወስን ሕግ አወጣች። የውስኪ አምራቾች ማህበር ከሰሰ፣ ክርክሩ እስከ 2017 ተጎተተ። በ2018 ግን 8 ግራም ንጹሕ አልኮል ከ50 ፔንስ (ግማሽ ፓውንድ) በታች እንዳይሸጥ ተደረገ። እስከ 2024 ድረስ አንድ ጠርሙስ ቮድካ ከ13 ፓውንድ በታች አይገኝም ነበር ማለት ነው። በ2023 የወጣው ግምገማ ሕጉ ከሌላት እንግሊዝ ጋር አነጻጽሮ፣ በቀጥታ በአልኮል የሚመጣ ሞት በ13 በመቶ ገደማ መቀነሱን ገምቷል። በይበልጥ የቀነሰው ደግሞ በድሆች ሰፈር ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እኛ ጋ የሱቅ ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ አረቄው በየቤቱ ይወጣል፣ ጠላው በየቤቱ ይጠመቃል። መጀመሪያ ቤት ለቤት ማን ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚያሳይ መረጃ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የምትሠሩ የጤና ተማሪዎች ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማገዝ እፈልጋለሁ።